ወሰኑን ማን አሰመረው?

በዛሬው ጨዋታችን ከአገራችን እጅግ ርቃ ወደምትገኝ አንዲት ደሴት ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። ነገሩን ያነሣብኝ ግን ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ነው። ባለፈው ሰሞን የአሜሪካን ካርታ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ሳስረዳ ይህ ልጅ እጁን አወጣና፤ «መምህር፤ ይህች ከኩባ ጐን ያለችው ደሴት ስለ ምን በሁለት ቀለም ተቀባች?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም፤ «ሁለት መንግሥታት ስላሉባት ነው። በስተምዕራብ ያለው ሐይቲ፣ በስተምሥራቅ ያለው የዶሚኒካን ሪፑብሊክ ይባላል» አልሁት። «ስለ ምን ሁለት ሆኑ?» ቢለኝ፣ ብዙም ሳላስብ፤ «መካከላቸው ተራራ አለ» ብዬ መለስሁለት። ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ልጅ፤ «አንደኛው አገር ድኻ፣ ሁለተኛው የተሻለ ነው ይባላል። መሬቱ አንድ ከሆነ ልዩነቱ የሕዝቡ ጠባይ ነዋ!» አለና ክፍሉ ሳቀ። ደወልም ተደወለ፤ ሁላችንም ወጣን።

ማታ ቤቴ ገብቼ ካርታውን እንደ ገና ስመለከት አፈርሁ። የዚያች ደሴት ታላላቅ የተራራ ሰንሰለቶች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጉ ናቸው፤ ወሰኑ ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ተራራው ወሰኑን ይሻገረዋል እንጂ አይከተለውም። አንዱ ሰንሰለት በዚህ በኩል አንድ ስም፣ በዚያ በኩል ሌላ ስም ተሰጠው እንጂ ያው አንዱ ተራራ ነው። ለተማሪዬ የነገርሁት ስሕተት ነበረ። የመምህሩ መልስ ስሕተት ከሆነ ደግሞ፣ ያ ክፍሉን ያሳቀው የሁለተኛው ልጅ መልስ እውነት ለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለሁለቱም ልጆች የሚገባቸውን መልስ ለመስጠት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ደሴቲቱ ሂስፓኒዮላ ትባላለች። ስፋቷ 76,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በካሪብ ባሕር ከሚገኙት ደሴቶች ከኩባ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ የዶሚኒካን ሪፑብሊክ፣ አንዱን እጅ ሐይቲ ይዘውታል። የሕዝባቸው ቍጥር ግን ተቀራራቢ ነው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 11 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። በምዕራብ ክሬዮልና ፈረንሳይኛ፣ በምሥራቅ እስፓኝኛ ይነገራል።

ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 በታኅሣሥ ወር እዚያ በደረሰ ጊዜ ይህ ሁሉ ልዩነት አልነበረም። በደሴቲቱ ላይ ታይኖ የሚባሉ ሕዝቦች በየአለቆቻቸው ሥር ይኖሩ ነበር። አገራቸውንም ከሚጠሩባቸው ስሞች አንዱ «አይቲ» ነበረ፤ ትርጓሜውም ተራራማ ምድር ማለት ነው። ኮሎምቦስ በልደት ዋዜማ ሌሊት ከመርከቦቹ አንዲቱ መሬት ነክታ ብትሰበርበት፣ በስብርባሪዋ እንጨት ምሽግ ሠርቶ 39 ሰዎች ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ቢመጣ ምሽጉ ተቃጥሎ፣ ሰዎቹም ሞተው አገኘ። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። እስፓኛውያን ታይኖዎቹን ወርቅ ፍለጋ በግድ አሠሯቸው። በ1511 አንቶንዮ ደ ሞንቴሲኖስ የሚባል መነኵሴ በሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ እነዚህም ሰዎች ነፍስ ያላቸው ናቸውና ግፉን ተዉ ብሎ ገዢዎቹን ፊት ለፊት ቢገሥጻቸው፣ ተቈጡት እንጂ አልሰሙትም። ሥራው፣ ጦሩና ፈንጣጣው ተባብረው በ60 ዓመት ውስጥ የታይኖን ሕዝብ ከጥቂት መቶዎች በማይበልጥ ቍጥር አስቀሩት። በእግራቸውም ከአፍሪካ የመጡ ባሮች ተተኩ።

ወርቁ ሲያልቅ የእስፓኝ ዓይን ብር ወደሚታፈስባቸው ወደ ሜክሲኮና ወደ ፔሩ ዞረ። ሂስፓኒዮላ ተረሳች። በሰሜንና በምዕራብ ዳርቻ የነበሩት ሰፋሪዎች ከእናት አገራቸው መርከብ ቢጠብቁ ስላልመጣላቸው፣ የከብት ቆዳቸውን ለሆላንድ፣ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ነጋዴዎች በስውር ይሸጡ ጀመር። ንጉሡ ፊሊጶስ 3ኛ ይህን ኮንትሮባንድ ለማስቆም የመረጡት መንገድ እጅግ የሚያስገርም ነው። በ1605 እና በ1606 አገረ ገዢው አንቶንዮ ኦሶሪዮ በትእዛዛቸው ወታደር አስከትሎ ሄደና የገዛ ወገኖቹን ከተሞች አቃጠለ። ሕዝቡንም ነቅሎ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ አቅራቢያ አመጣው። እንቢ ያሉትን ሰቀለ። ከብቱን ሁሉ መንዳት ስላልተቻለ አብዛኛው በዱር ቀርቶ የዱር አውሬ ሆነ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ የወሰኑን የመጀመሪያ መስመር ያሰመረው ይህ እሳት ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ባለቤት የሌለው ምድርና ባለቤት የሌለው ከብት ሰው ይጠራሉ። ከልዩ ልዩ አገር የኮበለሉ አዳኞች፣ ይልቁንም ፈረንሳዮች፣ ቶርቱጋ በምትባል በትንሽ ደሴት ላይ መሽገው ወደ ባዶው ምዕራብ ይሻገሩ ጀመር። የከብቱን ሥጋ ቡካን በሚባል የእንጨት ርብራብ ላይ በጢስ እያደረቁ ይሸጡ ስለ ነበረ «ቡካኒዬ» ተባሉ። ኋላም የባሕር ወንበዴዎች ስም ሆነ። አዳኙን ገበሬ ተከተለው፤ ገበሬውን ሹም ተከተለው። በ1697 በሪስዊክ የሰላም ውል ጊዜ እስፓኝ ፈረንሳዮች በምዕራብ መኖራቸውን እንደ ተቀበለች ተቈጠረ። በ1777 ደግሞ በአራንሁዌስ በተደረገው ውል ወሰኑ በካርታ ላይ ተጻፈ፤ በምድሩም ላይ የድንጋይ ምልክት ተተከለለት። እስፓኝ ኮንትሮባንድን ላጥፋ ብላ የምድሯን ሢሶ አጣች።

ከዚህ በኋላ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ጐን ለጐን አደጉ። ፈረንሳዮች የራሳቸውን ክፍል ሳን ዶሜንግ አሉት። ከመቶ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከዓለም ቅኝ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ሀብት የሚዛቅበት እርሱ ሆነ። በ1780ዎቹ ዓመታት አውሮፓ ከምትበላው ስኳር ከአምስት እጅ ሁለቱ ያህል፣ በዓለም ገበያ ከሚሸጠውም ቡና ግማሹ ያህል ከዚያ ይመጣ ነበር። መነሻዋ የእኛው ምድር የሆነችው ቡና በዓረብና በአውሮፓ በኩል ዞራ እዚያ የደረሰችው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ለቃሚዋ ግን ባሪያ ነበረ። በ1789 በሳን ዶሜንግ ከነበረው ሕዝብ ነጮቹ ከ40,000 የማይበልጡ፣ ነፃ የወጡት ክልሶችና ጥቁሮች ወደ 30,000 የሚሆኑ ሲሆኑ፣ ባሮቹ ወደ 500,000 ይጠጉ ነበር። ከባሮቹም የሚበዙት በአፍሪካ የተወለዱ ነበሩ። ምክንያቱን ብትጠይቁ፣ በዚያ የተወለደ ልጅ ለማደግ የሚበቃ ዕድሜ እምብዛም አያገኝም ነበርና ነው። ባለ እርሻው ሒሳቡን ሲያሰላ፣ ባሪያን ተንከባክቦ ከማቆየት አሟጦ አሠርቶ ሲሞት ሌላ መግዛት የሚረክስ ሆኖ አገኘው።

በምሥራቅ ደግሞ እስፓኝ የረሳችው ምድር ነበረ። በሁለት ዕጥፍ ስፋት ላይ የነበረው ሕዝብ ወደ 125,000 ቢሆን ነው። ሥራው ከብት ማርባት ነው። ጌታውና ባሪያው በአንድ ሜዳ አብረው ከብት ያግዳሉ፤ ብዙ ጊዜም አንዱን ምግብ ይበላሉ። ከባሮቹም ብዙዎች ነፃ ወጥተው ከሌላው ጋር ተጋብተዋል። ይህ ግን ከደግነት የመጣ አልነበረም፤ ከድኽነት ነው። ስኳር የሚተክልበት ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ የምሥራቁም ጌታ እንደ ምዕራቡ በሆነ ነበር። የምሥራቁ ሰው ከብቱን የሚሸጠው ለማን ይመስላችኋል? ለሳን ዶሜንግ ነው። የስኳሩን መዘውር የሚያዞሩትና አገዳውን የሚስቡት በሬዎችና በቅሎዎች ወሰኑን የሚሻገሩት በገበያ ቀን ነበረ። እንግዲህ ያ ወሰን ከመጀመሪያውም አጥር ሳይሆን በር ነበረ።

በ1791 በነሐሴ ወር የሰሜን ሳን ዶሜንግ ባሮች ተነሡ። አገዳው ነደደ፤ የስኳር ቤቱም ነደደ። ዝርዝሩ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ስለሚፈልግ በአጭሩ ላሳልፈው። ቱሳን ሉቨርቲዩር የሚባል ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው የጦር አለቃ ሆነ። ፈረንሳይ በ1794 ባርነትን በሕግ ሻረች። በ1801 ቱሳን ወሰኑን ተሻግሮ ሳንቶ ዶሚንጎ ገባ፤ በምሥራቅም ያሉትን ባሮች ነፃ አወጣ። ናፖሌዎን ይህን ሊታገሥ አልወደደምና በ1802 የእኅቱን ባል ጄኔራል ሌክሌርን ከብዙ ጦር ጋር ሰደደው። ቱሳን ለንግግር ተጠርቶ ተያዘ፤ በሚያዝያ 1803 በፈረንሳይ ብርዳም ምሽግ ውስጥ ታስሮ ሞተ። ነገር ግን ጦርነቱ አልሞተም። ዣን ዣክ ዴሳሊን በኅዳር 1803 በቬርቲዬር ጦርነት ፈረንሳዮችን ድል አደረገ። ጥር 1 ቀን 1804 በጎናይቭ ከተማ ነፃነቱን ዐወጀ። ለአዲሱ አገርም የፈረንሳይን ስም አልሰጠውም፤ የሌሉትን የታይኖዎችን ቃል አንሥቶ ሐይቲ አለው። ባሮች ራሳቸው ታግለው የመሠረቱት መንግሥት በዓለም ታሪክ ከዚህ በቀር አይታወቅም።

እውነቱን ለመናገር ይህም ታሪክ ከጥፋት የጸዳ አይደለም። ዴሳሊን በ1804 በአገሩ የቀሩትን ፈረንሳዮች፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ አስፈጀ። በ1805ም ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ሳንቶ ዶሚንጎን ከቦ ሳይሆንለት ሲመለስ፣ ጦሩ በሞካና በሳንትያጎ ከተሞች ብዙ ሰው ገደለ። የምሥራቁ ሰው ይህን አልረሳም። በኋላ ዘመን የመጡ ገዢዎችም እንዲረሳው አልፈቀዱለትም።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ ደረስን። ሐይቲ ነፃ ብትወጣም በዙሪያዋ ያሉት አገሮች ሁሉ ባሪያ የሚያሠሩ ስለ ነበሩ እንደ መንግሥት አልተቈጠረችም። በ1825 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 10ኛ የጦር መርከቦችን ወደ ፖርቶፕሬንስ ላኩና በመድፉ አፍ ሥር አንድ ዐዋጅ አስነበቡ። የዐዋጁ ቃል በአጭሩ፣ ነፃነታችሁን እንድናውቅላችሁ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ክፈሉ የሚል ነው። ካሣው ለማን ነው? እርሻና ባሪያ ለጠፋባቸው ለቀድሞዎቹ ጌቶች። ነፃ የወጣው ሰው የገዛ ሥጋውን ዋጋ ለሸጠው እንዲከፍል ተፈረደበት ማለት ነው። የገንዘቡን ብዛት ለመገመት ይህን አስተያዩ፤ ፈረንሳይ በ1803 ሉዊዚያናን ለአሜሪካ የሸጠችው በ80 ሚሊዮን ፍራንክ ነው። ሉዊዚያና ግን የሐይቲን ምድር ሰባ ዕጥፍ ትበልጣለች።

ሐይቲ የመጀመሪያውን 30 ሚሊዮን እንኳ ከራሷ ልትከፍል ስላልቻለች ከፓሪስ ባንኮች ተበደረች። ስለዚህ ካሣውንም፣ ካሣውን ለመክፈል የተበደረችውንም ከነወለዱ ትከፍል ጀመር። በ1838 ካሣው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢደረግም ሸክሙ አልቀለለም። ከዚሁ የተወለደው ብድር ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው እየተላለፈ ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው። መቶ ሃያ ሁለት ዓመት! በዚህ ጊዜ ሁሉ ለመንገድና ለትምህርት ቤት የሚሆነው የቡና ቀረጥ በመርከብ ተጭኖ ሄደ። ዋጋ ያለው እንጨትም ከተራራው እየተቈረጠ ተሸጠ። የሐይቲ ሹማምንትም ንጹሓን ናቸው አልልም። ፕሬዚዳንቱ ቧዬ በ1826 ባወጣው የገጠር ሕግ ገበሬውን ከእርሻው እንዳይነቃነቅ አሰረው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ ግምጃ ቤቱን የራሳቸው ኪስ አደረጉት። ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዕዳ የተሸከመን ሰው፣ ስለ ምን አትሮጥም ብሎ መዝለፍ ከፍትሕ አይቈጠርም።

በዚያው ዘመን ደሴቲቱ አንድ ሆና ነበር። በ1822 ቧዬ ምሥራቁን ይዞ፣ በዚያ እንደ ገና ተመልሶ የነበረውን ባርነት ለሁልጊዜው አጠፋ። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የፈረንሳይን ካሣ ድርሻ በምሥራቁም ሕዝብ ላይ ጣለበት፤ ያልበላውን ዕዳ ክፈል አለው። መሬቱንና ቋንቋውንም ነካበት። በሁዋን ፓብሎ ዱዋርቴ የተመሠረተ የወጣቶች ማኅበር በስውር ሠርቶ፣ የካቲት 27 ቀን 1844 የዶሚኒካን ሪፑብሊክ ነፃነቷን ዐወጀች። ይህችን ነጥብ ልብ በሉልኝ። የአሜሪካ አገሮች ብዙዎቹ ነፃነታቸውን የሚያከብሩት ከእስፓኝ የተለዩበትን ቀን ነው። ዶሚኒካኖች የሚያከብሩት ግን ከጐረቤታቸው ከሐይቲ የተለዩበትን ቀን ነው። አንድ ሕዝብ፣ እኔ ማን ነኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሐይቲ ያልሆንሁት ነኝ ብሎ እንዲመልስ በር የከፈተው ይህ ነው።

ግን ታሪኩ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። በ1861 ፕሬዚዳንቱ ሳንታና አገሩን በገዛ እጁ ለእስፓኝ መልሶ ሰጠ። ዶሚኒካኖች ባርነት ተመልሶ እንዳይመጣ ፈርተው ከ1863 እስከ 1865 ተዋግተው እስፓኝን ሲያስወጡ፣ መሸሸጊያና መሣሪያ ያገኙት ከወሰኑ ማዶ፣ ከሐይቲ ነው። ይህ በበዓል ቀን ብዙ ሲነገር አይሰማም።

ሃያኛው መቶ ዓመት ሲገባ በደሴቲቱ ላይ አዲስ ባለ ዕዳ ጠያቂ መጣ። በታኅሣሥ 1914 የአሜሪካ ባሕር ወታደሮች ከሐይቲ ብሔራዊ ባንክ 500,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ አንሥተው ወደ ኒው ዮርክ ወሰዱ። በሚቀጥለው ዓመት አገሩን ራሱን ያዙና እስከ 1934 ቆዩበት። የዶሚኒካንንም ሪፑብሊክ ከ1916 እስከ 1924 ያዙ። በዚህ ጊዜ በምሥራቅ ታላላቅ የስኳር እርሻዎች ተስፋፉ። አገዳ ቈራጩ ግን ከምዕራብ ይመጣ ጀመር። ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው። በ1780 ስኳሩ በምዕራብ፣ በሬው በምሥራቅ ነበረ፤ በ1920ዎቹ ስኳሩ በምሥራቅ ሲሆን፣ እንደ በሬ የሚሠራው ሰው ከምዕራብ ሆነ።

የሐይቲ ስም ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ስላለ እዚህ ላይ ላንሣው። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1897 ቤኒቶ ሲልቫን የሚባል የሐይቲ ተወላጅ ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ መጣና ከዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረበ። በ1900 በለንደን በተደረገው የጥቁሮች ጉባኤ ላይም ስለ ኢትዮጵያ ተገኘ። ቀጥሎም በ1935 ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የሐይቲ መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ተነሥቶ፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ ማናችንም ብንሆን አንድ ቀን የሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንችላለን ሲል አስጠነቀቀ። ይህን የተናገረው አገሩ ከባዕድ ወታደር ከተላቀቀች ገና አንድ ዓመቷ ሳለ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 1966 ሐይቲን ጐብኝተዋል።

የኔሙር ማስጠንቀቂያ በአገሩ ላይ ለመድረስ ሁለት ዓመት ብቻ ፈጀበት። በምሥራቅ በ1930 ሥልጣን የያዘው ራፋኤል ትሩሂዮ አሜሪካኖች ያሠለጠኑት ወታደር ነበረ። በእናቱ ወገን የሐይቲ ዘር ያለበት ሲሆን፣ ፊቱን ለማንጣት ዱቄት ይቀባ እንደ ነበር ይነገራል። ሁለቱ መንግሥታት በ1929 እና በ1936 በውል የቈረጡትን ወሰን በደም ሊያጸናው ፈለገ። በጥቅምት 1937 በሰሜን ወሰን አካባቢ ይኖሩ የነበሩትን የሐይቲ ተወላጆች ወታደሮቹ በቆንጨራ ፈጇቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ፣ ከዶሚኒካኖች ጋር የተጋቡ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ። የሞቱት ቍጥር ሲገመት ከብዙ ሺህ ጀምሮ ከ20,000 በላይ የሚያደርሱት አሉ። ወታደሩ አንድ የወጥ ማጣፈጫ ቅጠል እያሳየ፤ «ይህ ምንድን ነው?» ይል ነበረ ይባላል። ቅጠሉ በእስፓኝኛ «ፔሬሂል» ይባላል። የመካከሏን «ረ» በምላሱ ጫፍ መምታት ያልቻለ ሐይቲ ነው ተብሎ ይታረዳል። ስለ ሞቱት ትሩሂዮ 750,000 ዶላር ሊከፍል ተዋዋለ፤ ኋላ ወደ 525,000 ዝቅ ተደረገለት። ከዚህም ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች የደረሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ1825 የጌቶች ኪሣራ በሚሊዮኖች ተተመነ፤ በ1937 የድኾች ነፍስ በዚህ ዋጋ ተቈረጠ። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጐን ለጐን አድርጋችሁ አስቡአቸው።

በዛሬው ጊዜ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ወሰኑ በአንዳንድ ስፍራ በግልጥ ይታያል። በአንዱ ወገን አረንጓዴ፣ በሌላው የተራቈተ ተራራ ነው። የኋለኛውን ልጅ ያሳሳተው ምናልባት ይህን የመሰለ ሥዕል ይሆናል። ነገር ግን መጀመሪያ፣ ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ የሚነፍሰው ከምሥራቅ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የመካከለኛው ተራራ ደመናውን በምሥራቅ ስለሚያስቀረው ከምዕራቡ አንዳንዱ ክፍል ደረቅ ነው። ሁለተኛ፣ የምዕራቡ ተራራ በፈረንሳዮች ጊዜ ለቡና፣ ከዚያም ለዕዳ፣ ከዚያም ለከሰል ተመነጠረ። ሦስተኛ፣ የዶሚኒካን መንግሥት በ1967 እንጨት መቍረጥን በወታደር አስከለከለ፤ ኋላም ለሕዝቡ የማብሰያ ጋዝ በርካሽ አቀረበለት። ከሰል የማያከስል ሰው ጠባዩ ስለ ተሻለ አይደለም፤ ጋዝ ስላገኘ ነው።

ትሩሂዮ በ1961 ተገደለ። በሐይቲም የዱቫልዬ አባትና ልጅ አገዛዝ ከ1957 እስከ 1986 ድረስ ሕዝቡን አሠቃይቶ አለፈ። ወሰኑ ግን በሰዎች ልብ ውስጥ መሰመሩን አልተወም። በጥር 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ፖርቶፕሬንስን ባፈራረሳት ጊዜ ቀድመው ከደረሱት ረዳቶች መካከል ዶሚኒካኖች ነበሩ። አራት ዓመት ሳይሞላ ቀርቶ፣ በመስከረም 2013 የዚያው አገር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ ፈቃድ ከሌላቸው ወላጆች ከ1929 ወዲህ የተወለዱት ዜግነት የላቸውም ብሎ ፈረደ። በዚህ ፍርድ ከሐይቲ ሌላ ምንም ዘር እንጂ፣ ከዶሚኒካን ሌላ ምንም አገር የማያውቁ ብዙ ሺህ ሰዎች ወረቀት አልባ ሆኑ። በ2014 የወጣ ሕግ ለጥቂቶቹ መለሰላቸው፤ ሁሉን ግን አላዳነም። በመስከረም 2023 ደግሞ በወሰኑ ወንዝ ላይ በሚቈፈር ቦይ ምክንያት የዶሚኒካን መንግሥት ወሰኑን ዘጋ።

ያም ሆኖ በዳሃቦን ከተማ ድልድይ ላይ ለብዙ ዓመታት ሰኞና ዓርብ ገበያ ሲቆም ኖሯል። የሐይቲ ሴቶች ሸቀጥ በራሳቸው ተሸክመው ይሻገራሉ፤ የዶሚኒካን ገበሬ ሩዝና እንቍላል ይዞ ይጠብቃቸዋል። ከሥራቸው የሚፈሰው ወንዝ «የእልቂት ወንዝ» ይባላል፤ ስሙም ከ1937 በፊት የነበረ ነው። ሁለቱም ሕዝቦች ታይኖዎች ያስተማሯቸውን የካሳቫ ቂጣ ይበላሉ። የሐይቲ ገበሬ እርሻ ሲበዛበት ጐረቤቶቹን ጠርቶ በከበሮና በዘፈን ያሠራል፤ ይህን ኮንቢት ይለዋል። የዶሚኒካን ገበሬም እንዲሁ ያደርጋል፤ ኮንቪቴ ይለዋል። እኛ ደቦ የምንለው ነው። ሰነፍ ሕዝብ ደቦ አይጠራም።

በሚቀጥለው ሳምንት ካርታውን መልሼ ሰቀልሁና፤ «ባለፈው የነገርኋችሁ ስሕተት ነበረ» ብዬ ጀመርሁ። መምህር እንዲህ ሲል ተማሪ ጸጥ ይላል። ታሪኩን ከጨረስሁ በኋላ ያ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ፤ «እንግዲያው ጠባይ የሚባል ነገር የለም ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አላልሁትም። ሕዝብ እንደ ሰው ጠባይ አለው፤ ነገር ግን ጠባዩን ከመፍረድህ በፊት ምን እንደ ተወሰደበትና ምን እንደ ተጫነበት መዝገቡን አገላብጥ አልሁት።

ይህንኑ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ለገባችሁ ወጣት አንባቢዎቼም እላለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ ወረዳ ወይም ስለ አንድ ሰፈር ሪፖርት ጻፉ ትባላላችሁ። ምክንያት ስታጡ «የአካባቢው ሕዝብ ጠባይ» የምትለዋ ቃል ብዕራችሁ ጫፍ ላይ ትመጣለች፤ አጭር ናት፤ አለቃም አይጠይቅባትም። ያን ጊዜ ስለ ምን እጃችሁን እንደምትገቱ ሂስፓኒዮላ ታስታውሳችሁ። እኔም ተራራ የሌለበት ቦታ ተራራ አቁሜ ነበርና።